ዓለምዬ ልብሷን የቀነሰች ጊዜ

ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ከተኮለኮሉት ቤቶች በአንዱ፣ ዓለምዬ የምትባል ምግብ አብሳይ ትኖራለች። የምታበስለው ለሆቴል አይደለም፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ነው። ድስቱ፣ ምድጃው፣ ሽንኩርቱና እንቁላሉ በበቅሎ ይጫናል፤ እሷ በእግሯ ትከተላለች። ቡይት ራስን አልፈው ሳንቃበር ሲደርሱ እንግዶቹ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፤ ዓለምዬ ሾርባዋን ትጥዳለች። ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንዲት ልጇ ሕሊና ባሕር ዳር ትሠራለች። ልብሷን እስክትቀንስ ድረስ ከተማው ስለ እሷ ከዚህ በላይ የሚያወራው ነገር አልነበረውም።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ታገኘ ነው። ታገኘ ትውልዱ ጃናሞራ፣ ኑሮው ቡይት ራስ አካባቢ የሆነ በቅሎ ጫኝ ነው፤ እሱም ሚስቱን የቀበረ ሰው ነው። ከዓለምዬ ጋር ተራራ ሲወጡ ሲወርዱ ዓመታት አልፈዋል፤ የእሷን ድስት ከእሱ በቀር ማንም አይጭነውም። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ከግጭ ካምፕ ሲመለሱ በቅሎዋን ውኃ እያጠጣ፣ ፊቱን ከበቅሎዋ ሳያነሣ፣ “ጾሙ ሳይገባ አያ ያርጋልን እልክብሽ ይሆናል” አላት።

አያ ያርጋል የአገር ሽማግሌ ናቸው። የሚላኩት ወይ ለእርቅ ነው ወይ ለትዳር፤ ዓለምዬና ታገኘ ደግሞ ተጣልተው አያውቁም። ዓለምዬ እንደ ጨዋ ሴት አንገቷን ደፍታ፣ “እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን” አለች። አፏ ይህን ይበል እንጂ ሐሳቧ ቤቷ ገብቶ ቁምሳጥኑ ፊት ቆሞ ነበር። ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ የካምፑ ዕቃና ቁምሳጥኑ ተጣበው ነው የሚያድሩት። ቁምሳጥኑ እስከ አፉ ጢም ብሏል። ሰውዬው ሲመጣ ልብሱን የት ሊሰቅል ነው?

የኛ ሰው ልብስ ሁለት ዓይነት ነው፤ የክትና የዘወትር። የክቱ ይታጠፋል፣ የብል መድኃኒት ይደረግበታል፣ አንድ ቀን ይለበሳል ተብሎ ይቀመጣል። የዘወትሩ እላይ ላይ እስኪያልቅ ይለበሳል። ዓለምዬም እንደ ሰው ሁሉ ነበረች። ለየሰርጉ ያሰፋቻቸው ቀሚሶች፣ ሕሊና የላከቻቸው ሹራቦች፣ እንግዶች ሲመለሱ ትተውላት የሄዱ ጃኬቶች፣ ከሳልቫጅ ተራ የወሰደቻቸው ጉርዶች፣ ለባሏ ሐዘን ያስነከረችው ጥቁር፣ ሁሉም እዚያው ተጠቅጥቋል። ጠዋት ጠዋት ግን እጇ የሚያነሣው ያንኑ አመድማ ሹራብ ነው። አንዳንዱን ቀሚስ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትለብሰው ጠቧታል። መቼም ይህን ሞኝነት የሠራች እሷ ብቻ አይደለችም፤ አንባቢም የራሱን ሳጥን ከፍቶ ይመልከት።

ማታ ሕሊና ስትደውል ዓለምዬ ስለ ልብሱ ብዛት አወራቻት፤ ስለ ታገኘ ግን አንድም አልተነፈሰችም።

“እማ፣ እሱማ ስም አለው” አለች ሕሊና። “ካፕሱል ይሉታል።”

“ካፕሱልማ የታመመ ሰው ነው የሚውጠው።”

“ኧረ የልብስ ነው! ጥቂት ትመርጫለሽ፤ ቀለሙ እርስ በርሱ የሚስማማ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚለበስ። የቀረውን ለሰው ትሰጫለሽ። አሁን ስልኩ ሁሉ የሚያወራው ይኼንኑ ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ይኼን እኮ እኔ ተራራ ላይ ስኖረው ኖሬአለሁ።”

እውነቷን ነው። ተራራ ስትወጣ አንዱን ትለብሳለች፣ አንዱን ለቅያሪ ትይዛለች፣ አንዱ ለብርድ ነው፤ በዚያች ትንሽ ሻንጣ ሳምንት ስትከርም አንድ ነገር ጎደለኝ ብላ አታውቅም። ስለዚህ ስትመርጥ ዘዴዋ ቀላል ነበር። እያንዳንዱን ልብስ እያነሣች፣ “ይኼን ታገኘን በቅሎዋ ላይ ጫንልኝ እለዋለሁ?” እያለች ራሷን ትጠይቃለች። አልለውም ካለች ልብሱ ወደ በሩ በኩል ይወረወራል። የበሩ በኩል ክምር ወገቧ ድረስ ደረሰ። በእጇ የቀሩት አመድማው ሹራብ፣ አንድ ቡናማ ጉርድ፣ አንድ ወፍራም ጃኬት፣ ጋቢና ነጠላ ብቻ ሆኑ። ጥቁሩን ሐዘን ለገባባት ጎረቤት ላከች። ቢጫውንና አበባማውን ለጓደኞቿ አደለች። አረንጓዴውን፣ ያን የሚያምረውን፣ ለየትናየት ሰጠች።

የትናየት ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትሠራው ከዓለምዬ ቤት አጠገብ ነው። ዓለምዬ አረንጓዴውን ቀሚስ ሰጥታት ስታበቃ ነጭ ሸማ ዘረጋችላትና ሁለት ቀሚስ እንድትሰፋላት አዘዘቻት። ነጭ ከሁሉ ይስማማል።

“ጥለቱስ ምን ዓይነት ይሁን?” አለች የትናየት።

“ጥለት አልፈልግም።”

“ምንም?”

“ምንም። ከእንግዲህ ቀለም በቃኝ፣ እቴ። ብቻ ዕድሜ ልኬን የምለብሰው አድርገሽ ስፊልኝ።”

የትናየት የመኪናዋን መዘውር ያዝ አድርጋ አቆመች። ዓለምዬን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ከዚያም ቀስ ብላ አማተበች። ዓለምዬ ይህን አላየችም፤ ሸማውን እየለካች ነበር።

በየትናየት አልፈርድም። በዚህ አገር አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ያደረሰች ሴት፣ የሁዳዴ ጾም ሊገባ ሲል ባለቀለም ልብሷን ለዘመድ ለጎረቤት አድላ፣ ጥለት የሌለው ነጭ ካሰፋች፣ ልትመነኩስ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ዓለምዬ ከዚህ የቀራት ቆቡ ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ እሷ ራሷ የስንቱን ምንኩስና ከዚህ ባነሰ ምልክት ያወቀች ሴት፣ ስለ ራሷ ሲሆን ፈጽሞ አልታሰባትም። በሐሳቧ ያለው ሌላ ነዋ! ቁምሳጥኑን ግማሽ ለግማሽ ከፍላ፣ ልብሷን በቀኝ በኩል ሰቅላ፣ ግራውን ጠርጋ፣ ባዶ መስቀያ አንጠልጥላበት ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

ወሬው ግን መንገዱን ጀመረ። ከየትናየት መኪና ተነሥቶ በገበያው አልፎ፣ አያ ያርጋል ጆሮ ደረሰ። ታገኘ ሊልካቸው የመጣ ዕለት ሽማግሌው ቱግ አሉ።

“ምን ነካህ፣ አንተ ታገኘ? ፈጣሪ የጠራትን ሴት ለትዳር ጠይቁልኝ ትለኛለህ? እኔ በዚህ ሽበቴ እንዲህ ያለ ነውር አልሠራም።”

ታገኘ ክው አለ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነው፤ አልተከራከረም። “ለካ ያን ዕለት ‘የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን’ ያለችኝ ይኼን ኖሯል” አለና ወደ በቅሎዎቹ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ከፍቶት ሄደ፤ ከፍቶት ስለነበረም ደግሞ አፈረ።

በማግስቱ እንግዶች መጡና እንደ ልማዳቸው አብረው ወጡ። ዓለምዬ አዲሱን ነጭ ቀሚስ ከቡናማው ጉርድ በላይ ደርባ፣ ሻንጣዋ ከወትሮው ቀሏት፣ ደስ ብሏት ደረሰች።

“እንደምን አደሩ” አላት ታገኘ፤ ባርኔጣውን አውልቆ።

ዓለምዬ ሌላ ሰው ከኋላዋ የቆመ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። “እኔን ነው እርስዎ የምትለኝ? ምን ሆነሃል?”

“ኧረ ምንም። ለአክብሮት ነው።”

ዳገቱ ላይ “አረፍ ይበሉ፣ አይድከሙ” ይላታል። ሰፈር ላይ ከእሳቱ ዳር ሞቅ ያለውን ቦታ ለቆላት እሱ ከፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ጋር ሄዶ ይበላል። ድሮ ሽንኩርት ስትከትፍ ጎኗ ተቀምጦ ስለ በቅሎዎቹ ተንኮል እያወራ ያስቃት የነበረው ሰው፣ አሁን ወጡን ተቀብሎ እጅ ነሥቶ ይሄዳል። የመመለሻው ዕለት ጠዋት ጭነቱን እያጠበቀ፣ አሁንም ፊቱን ወደ በቅሎዋ አድርጎ፣ “እንግዲህ በጸሎትዎ ያስቡኝ” አላት።

ይህች ቃል ወጋቻት። ሰው እንዲህ የሚለው ለመጨረሻ ሲሰናበት ነው። ሌላ ሴት አግኝቷል ማለት ነው፤ በአክብሮት አድርጎ መሸኘቱ ነው። ዓለምዬ ቁልቁለቱን ስትወርድ የታያት ያ ተጠርጎ የተዘጋጀው ባዶ ግማሽ ነበር። ቤቷ ገብታ ያን ባዶ ማየት አስጠላት። ያደለችውን ልብስ ሁሉ ሰብስባ መልሳ ብትጠቀጥቅበት ወደደች።

ደባርቅ ደረሱ። እንደ ሁልጊዜው ታገኘ የካምፑን ዕቃ ከበቅሎ አውርዶ በራፏ ላይ ደረደረው። ይህን ጊዜ የትናየት አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ ከቤቷ ወጣች፤ መጣችና ለዓለምዬ ጉልበት ጎንበስ አለች።

“እንኳን በደኅና ገቡ። የቆቡ ቀን ተቆረጠ ወይ? ዋልድባ ነው ይሉናል፤ መቼም ሳይመርቁን አይሄዱም።”

“የምን ቆብ?” አለች ዓለምዬ።

“የምንኩስናው ነዋ።”

ዓለምዬ የትናየትን አየች። ከዚያ ታገኘን አየች፤ የተፈታ ገመድ እንደገና ይፈታል። እርስዎ መባሉ፣ እጅ መንሣቱ፣ በጸሎት አስቡኝ ማለቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወለል ብሎ ታያት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ ንዴቷ ቀደመው።

“ማነው እመነኩሳለሁ ያለሽ?”

“አንቺ ነሻ! ልብስሽን በተንሽው! ነጭ አሰፋሽ! ጥለት አልፈልግም፣ ቀለም በቃኝ አላልሽም?” የትናየት ደንግጣ እርስዎታውን ጣለችው።

ዓለምዬ ወደ ታገኘ ዞረችና “ግባ” አለችው።

“ግዴለም፣ እዚሁ…”

“ግባ አልኩህ! ድስቱን ማን ሊያስገባልኝ ነው?”

ታገኘ ትልቁን ድስት አቅፎ ገባ። የትናየት ከደጃፉ ላይ አንገቷን አስግጋ ቀረች። ዓለምዬ የቁምሳጥኑን ሁለት በር ወዲያና ወዲህ ወለል አድርጋ ከፈተችው። በቀኝ በኩል እነዚያ ጥቂት ልብሶቿ ተሰቅለዋል። ግራው ባዶ ነው፤ አንድ መስቀያ ብቻ ተንጠልጥሎበታል።

“መነኩሲት ቁምሳጥን ምን ያደርግላታል?” አለች። “ይኼን ለማን የለቀቅሁት ይመስልሃል?”

እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ አገር ሴት አፍ አውጥታ አትናገርም። ዓለምዬም ከአፏ ካወጣችው በኋላ ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ግን በሩን አልዘጋችውም። ከዘጋችው ዳግመኛ እንደማትከፍተው ታውቃለች።

ታገኘ ድስቱን እንዳቀፈ መስቀያውን አየ። ከዚያ የለበሳትን ያረጀች ካፖርት ቁልቁል ተመለከተ።

“እኔኮ ያለችኝ ይቺ ናት” አለ።

“ትበቃለች።”

“ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ ልብስሽን ሁሉ ከምትበትኝ ለኔ አትነግሪኝም ነበር?”

አንቺ አላት። ዓለምዬ ዕንባዋ መጣ። እሱ ድስቱን አስቀምጦ፣ ገመዱን በራፉ ላይ ረስቶ ሄደ።

የትናየት ከደጃፉ ገባ አለች። “እንግዲያ ቀሚስሽን ልመልስልሽ?” አለች፤ የአረንጓዴውን ጫፍ ይዛ።

“ተይው” አለች ዓለምዬ። “ማስቀመጫ የለኝም።”

በቅበላው እሑድ ሽማግሌዎች መጡ፤ አያ ያርጋልና ሁለት ጓደኞቻቸው። በዓለምዬ ወገን የተገኙት የነፍስ አባቷ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ነበሩ። ዓለምዬ ያንኑ ጥለት የሌለውን ነጭ ለብሳለች። ሽማግሌዎቹ “ተቀመጡ” ቢባሉ እንደ ወጉ እምቢ አሉ፤ የመጡበት ሳይሳካ አይቀመጡም።

“ልጄ፣ መጀመሪያ ከራስሽ አፍ ልስማው” አሉ አያ ያርጋል። “ስእለት የገባሽበት ገዳም የለም?”

“የለም፣ አያ።”

“እኔ የንስሐ አባቷ ያልሰማሁትን ምንኩስና እናንተ ከወዴት ሰማችሁት?” አሉ ቄሱ፤ ጥቂት ተቆጥተው።

አያ ያርጋል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ታገኘ መናገር ያለባቸውን ሁሉ ረጋ ብለው ተናገሩ። ሲጨርሱ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አወጡ። በሥርዓት የታጠፈ፣ እጅጌው የተጣፈ ካፖርት ነው።

“ይኼን ደግሞ አድርሱልኝ ብሎኛል። ‘እሷ ታውቀዋለች’ አለ። እኔስ ምኑም አልገባኝ፤ በዚህ ብርድ ያለችውን ካፖርት አውልቆ…”

ዓለምዬ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ ካፖርቱን በግራው በኩል ባዶው መስቀያ ላይ ሰቀለችው፣ ትከሻውን አስተካከለችው፣ በሩንም ዘጋች።

አያ ያርጋል ለመልሱ ቀጠሮ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ቁምሳጥኑን አዩ፤ ዓለምዬን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ተቀመጡ።