የሞተሩ አጎዛ

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከላሊበላ ወገል ጤና በሞተር ለመሄድ ሲነሱ መጀመሪያ መቀመጫው ላይ የበግ አጎዛ ያስሩ ነበር። ጠፍሩን እንደ በቅሎ ጭነት ሁለቴ ጎተት ያደርጉና «መቀመጫው ካልተመቸ መንገዱ አያልቅም» ይላሉ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። አንድ ቀን እንግዶቼ አጎዛውን አይተው ሲሳሳቁ በአጎቴ አፈርኩ። በማግስቱ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ፈትቼ ቆጥ ላይ ወረወርኩት። ፈልገው ሲያጡት «ውሻ ወስዶት ይሆናል» አልኳቸው፤ በባዶው መቀመጫ ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ ደግፌ ነው ከሞተሩ ያወረድኳቸው። እራታቸውን ቆመው በሉ። ባለቤታቸው «ምነው አንቱ፣ አይቀመጡም?» ሲሏቸው «መንገዱ ነው» ብለው ቀና አሉና ቆጡን አዩ። እኔን አላዩኝም። ከዚያ ወዲያ ያለ አጎዛ ሄዱ እንጂ አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም አላወረድኩላቸው።

አርባቸው በወጣ ማግስት ቆጡ ላይ ወጣሁ። አጎዛው እንደወረወርኩት አልነበረም፤ በቅቤ ታሽቶ፣ ከነጠፍሩ ታጥፎ ተቀምጧል። ማውረዱን ለእኔ ትተውልኝ ኖሯል።

ሞተሩ ላይ አሰርኩት፤ ጠፍሩንም ሁለቴ ጎተት አደረግሁ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም።