ሐዋሳ ያሉት ጎረቤቶቻችን

ቡታጅራ ስምንት ዓመት አጥር ተጋርተን የኖርናቸው ባልና ሚስት ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ባልየው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ "መምህር" እያለ ነው የሚጠራቸው። ሚስታቸው ቆጮ መጋገር ከእኔ ተምራ በመጨረሻ ከእኔ የተሻለች ሆና አረፈችው። ከሄዱ በኋላ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ስደውልላት ወይ አታነሳም፣ ወይ "እንግዳ አለብኝ፣ ኋላ እደውላለሁ" ብላ በዚያው ትቀራለች። ተቀየምኳት። መደወሉንም ተውኩት።

በመንፈቀ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ አሁን ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ "ሐዋሳ ቢች እንሂድ" ብላ ያዘችን። ሐይቁ አጠገብ ስላለው የልጆች መጫወቻ ከክፍል ጓደኞቿ ሰምታለች።

"ሐዋሳ ደርሰን እነሱ ቤት ሳንገባ ልንመለስ ነው?" አለኝ ባለቤቴ።

"እኔ አልደውልላትም" አልኩት።

ራሱ ደወለ። "ኑ" አለችው።

በዝዋይ በኩል አድርገን ከሰዓት በኋላ ደረስን። በሩን የከፈተችው እሷው ናት፤ ግማሽ ሆናለች። ዓይኔን ሳታይ አቀፈችኝ። ሳሎን ስንገባ መምህር ዊልቸር ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ልጄን ሲያዩ "ተማሪዬ" ሊሏት ፈልገው ቃሉ ተሰባብሮ ወጣ። ቁጥር መቁጠር ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። እሷ ግን ደንግጣ ከኋላዬ ተደበቀች።

ጓደኛዬን ማድ ቤት ተከትያት ገባሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስልክ ባነሳ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር" አለችኝ ሽንኩርቷን እየላጠች። "እሳቸው ደግሞ ለምነውኛል። 'የቡታጅራ ሰው የሚያውቀኝ ቆሜ ስሄድ ነው፣ እንደዚያው ልቅር' አሉኝ። ስትሮኩ ከመታቸው ዓመት አለፈው።"

ያን ሁሉ ጊዜ ከተማ ገብታ ረሳችን ስል ነበር የከረምኩት።

በማግስቱ ሐይቁን ልንተወው ተስማምተን ነበር። መምህር ሰምተው ኖሮ የወንበራቸውን መደገፊያ በግራ እጃቸው መቱ።

"ሐይቅ" አሉ። "ሁላችን።"

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ዊልቸሩ አሸዋው ላይ አልሄድ አለ። ባለቤቴ ጫማውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ አዘላቸው።

"ተው፣ ሰው ያያል" አለች ጓደኛዬ።

መምህር ከጀርባው ሆነው፣ ቃሉን በዝግታ እየፈለጉ፣ "ይይ" አሉ።

ውሃው እስከ ወገባቸው በሚደርስበት አስቀምጦ ከኋላ ደገፋቸው። ልጄ እስከዚያ ድረስ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ቀስ እያለች መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ውሃ በእፍኟ ዘግና የማይታዘዘው ቀኝ እጃቸው ላይ አፈሰሰች።

"ጋሼ፣ ይሰማዎታል?"

አሰብ አደረጉና "ትንሽ" አሏት። ደግማ ደጋግማ አፈሰሰች።

ከሰዓት መጫወቻው ገባን። ልጄ የመረጠችው ወንበር የተንጠለጠለበትን ትልቁን ተሽከርካሪ ጎማ ነበር። ልጅ ብቻዋን አትወጣም ስላሉን እኔ ትኬት ቆረጥኩ፤ ለጓደኛዬም ጨመርኩ።

"እኔ? እሳቸውን ትቼ?"

"እኔ እዚህ አይደለሁም እንዴ?" አላት ባለቤቴ።

ጎማው ሰው ለመጫን ሲቆም እኛ ጫፉ ላይ ነበርን። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። እሷ ግን ቁልቁል መምህርን ነበር የምትፈልገው። ባለቤቴ አይስክሬም ሲያጎርሳቸው አየች።

"ከታመሙ ወዲህ ይህን ያህል ርቄያቸው አላውቅም" አለች። መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። ልጄ እጇን ያዘቻት።

"ደክሞኛል" አለችኝ። "ለማንም ብዬው አላውቅም።"

"እኔ ደግሞ ተቀይሜሽ ነበር።"

"አውቃለሁ። መደወል ስታቆሚ ገብቶኛል።"

ለሦስት ቀን አስበን ሄደን አምስት ቀን ቆየን። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ መምህርን ሲያጥብና ሲያለብስ፣ እኔና እሷ ገበያ እንወጣ ነበር። ስንለያይ ባለቤቴ "ለመስቀል እኔው መጥቼ እወስዳችኋለሁ" አላቸው። መምህር ወደ ቀኝ እጃቸው አዩ። ከዚያ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እንዳለውም መኪና ተከራይቶ አመጣቸው። የሰፈሩ ሰው መምህርን ሊጠይቅ ጎረፈ። መጀመሪያ ሲያዩአቸው ያለቀሱ ነበሩ። እሳቸው ቀጥሎ ማን ይገባ ይሆን ብለው በር በሩን እያዩ እያንዳንዱን በግራ እጃቸው ጨበጡ። ከድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱ በየቀኑ እየመጣ ግቢ ውስጥ ደግፎ ያራምዳቸው ነበር፤ አራት እርምጃ፣ ከዚያ ስድስት።

ጓደኛዬ በመጡ በማግስቱ እኛ አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ክትፎው ቀርቦ እንግዳ ቤቱን ሞልቶታል። ልቀስቅሳት ብዬ ገብቼ ነበር፤ ፊቷን አየሁትና ነጠላዋን አልብሻት ወጣሁ።