ልጄ የያዘው ቦታ

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ! የሞባይሌ ባትሪ ሲበራብኝ አጥፉልኝ ብዬ ጎረቤት የምጠራ ሴትዮ ነኝ እኮ።

ጭሮ ዋናው መንገድ ዳር ያለችው ፎቶ ቤት የልጄ ነበረች። እሱ ሲሞት ምራቴ ያዘቻት። ኮምፒውተሩን ልጄ ለሁለት ሲስተም ከፍሎት ነበርና ሲበራ በየትኛው ልግባ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በአንደኛው ምራቴ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብርበታለች። ሌላኛውን ሲስተም ልጄ ለራሱ ነው የጫነው፤ ከሱ በቀር ማንም አይገባበትም ነበር። ከሞተ ወዲህ ዝም ብሎ ቦታ ይዞ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ከሚኤሶ ቀርጻ ያመጣችው ሰርግ አልገባ አላት። ኮምፒውተሩ ሞልቷል።

«እማማ፣ የሱን ሲስተም ላጥፋውና ቦታውን ወደዚህኛው ልቀላቅለው። ባዶ ነው፣ ምንም የለበትም» አለችኝ። አይኗን ግን ከኔ ታሸሻለች።

«ገብተሽ አይተሻል?»

«አልደፈርኩም።»

«ታዲያ ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ? የሟች ልብስ እንኳ ለሰው ሲሰጥ ኪሱ ይፈተሻል። ክፈቺው! የኔ ልጅ አንድ ነገር ትቶ ቢሆንስ?»

ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ብቅ ያልኩት እኔ! ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ አፌን በርግጄ፣ ሻሼ አንገቴ ላይ ወርዶ። ያ ጉደኛ ሰርቆ አንስቶኝ ኖሯል። ኮምፒውተሩን በከፈተ ቁጥር እኔን ነበር የሚያየው ማለት ነው።

«ይሄ ባለጌ!» ብዬ ሳቅሁ። ስስቅ ስስቅ እንባዬ መጣ። ምራቴም ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ሌላውንም ጥግ ሁሉ ፈተሸች፤ ከዚያች ፎቶ በቀር ምንም የለም። ፎቶዋን ፍላሽ ላይ ገለበጠቻት። ከዚያ በሷው በኩል ተመልሳ ገብታ ልታጠፋው ስትል፣ ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እጇ አልሄድ አላት። እጄን በእጇ ላይ አደረግኩና «እሺ በይው» አልኳት። አጠፋነው።

ባዶውን ቦታ ከራሷ ጋር ቀላቀለችው። የሚኤሶዋ ሙሽራም ከነሚዜዎቿ ገባች። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ ሲበራ አይጠይቅም። ጥያቄው ይናፍቀኛል።

ፎቶዬን አሳጥባ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ አይታው «ወላሂ፣ በዚህ አፍሽ አይሱዙ ይገባል!» ብላ ሳቀችብኝ። ነገሩን ሁሉ ስነግራት ግን ሳቋን አቆመችና ትኩር ብላ አየችኝ።

«ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ ከጨከንሽ፣ ሳጥን ውስጥ የቆለፍሽበትን የልጅሽን ልብስስ መቼ ነው ለሰው የምትሰጪው?»