እንቅልፋሙ ዲያቆን

«እንግዲያውስ ራስዎ ያንብቡት!» ብዬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኑ ለደከመ ሰው፣ ያውም ለአባት፣ ያውም ስንቱን ልጅ ፊደል ላስቆጠሩ የኔታ! ቃሏ ከአፌ እንደወጣች ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ወረታ ዳር ባለች አንዲት ደብር የኔታ ናቸው። በየማለዳው ዳዊት ሳይደግሙ ውኃ አይቀምሱም። ዳዊታቸው የብራና ነው፤ ጣራ ገዳም በተማሪነት ሳሉ መምህራቸው የሰጧቸው፣ ሌላ መጽሐፍ በምትኩ የማይቀበሉለት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የአውራ ጣት የሚያክል ፊደል ካልሆነ አይለዩም። ሐኪሙም መነጽር ከዚህ በላይ አይረዳዎትም ብሏቸዋል። ስለዚህ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እኔ አነብላቸው ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ይከተላሉ። ስሳሳት መቋሚያቸው ወለሉን ጠቅ ያደርጋል።

ያጣላችን የማክሰኞው ድርሻ ነው። እዚያ ውስጥ አንዲት መስመር አለች፤ ባነበብኳት ቁጥር መቋሚያው ይነሳል።

«ከየት አመጣሻት?»

«ተጽፋለች፣ አባ።»

«አልተጻፈችም! እኔ ይህን ዳዊት ስደግም አንች አልተወለድሽም።»

አንድ ማክሰኞ ቻልኩ፣ ሁለተኛውንም ቻልኩ። በሦስተኛው ያቺ ክፉ ቃል አመለጠችኝ። አባቴ መጽሐፉን ዳብሰው ወደ ማኅደሩ መለሱት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም አንብቢልኝ ብለው አያውቁም። የሚያስታውሱትን በቃላቸው ይደግማሉ፤ ሲጠፋባቸው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታቸው አንጀቴን ይበላው ነበር። ይቅርታ እንዳልጠይቅ ደግሞ ልክ ነኝ! እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ፤ የእሳቸው ልጅ አይደለሁ?

አንድ ቀን በስልኬ የተላከልኝን የተማሪዎች ስም ዝርዝር በሁለት ጣት ስለጥጥ፣ አንዲት ፊደል መስታወቱን ሞላችው። ብድግ አልኩ። ዳዊቱን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ በሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ባሳያቸውስ? ራሳቸው ያነቡ የለ!

ኮምፒውተር ነበረኝ። ከተዘጋ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት የገዛሁት፣ እናቴ ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ ያስቀመጠችበት አሮጌ። ዳንቴሉን ሳነሳ ሳጥኑ ወዝቷል፤ ለካ ጣሪያው ያፈስበት ኖሯል። ቢሆንም ሰካሁትና አበራሁት። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል እንጅ ምንም አያሳይም። ነቅዬ ጎኑን ከፈትኩና፣ «እማ፣ እርጥበት ገብቶታልና ይድረቅበት» ብዬ መስኮቱ ሥር ትቼው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ስመለስ ኮምፒውተሩ የለም።

«እማ፣ ኮምፒውተሬስ?»

«ሩዝ ውስጥ ነው» አለች፣ ኩራት ፊቷ ላይ።

ውኃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ሲቀበር አይታለች። ለስልክ የሠራ ለትልቁ ለምን አይሠራም? በፎገራ ደግሞ ሩዝ ምን ይጠፋል! ጎኑ እንደተከፈተ ጎታ ውስጥ አስገብታ፣ ያውም ካልተፈለፈለው ከነገለባው፣ እስከ አንገቱ ቀብራዋለች። ጮኼ ልቆጣ አፌን ስከፍት ሳቁ ቀደመኝ። እሷም «ምን ያስቅሻል?» እያለች አብራኝ ሳቀች። ጎትተን አወጣነውና ግቢ ወስደን ገለበጥነው። ሩዙ አያልቅም! ዶሮዎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከበው ለቀሙ።

የቀረውን በባጃጅ ጭኜ ገበያው ዳር ወዳለው ጠጋኝ ወሰድኩት። ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ ለሁለት ከፍሎ የሚሠራ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። አባቴን እሱም የኔታ ነው የሚላቸው። የኮምፒውተሩን ማራገቢያ በጣቱ ቢያሽከረክረው ጠረር ብሎ ሩዝ ፊቱ ላይ ረጨበት።

«ወላሂ፣ ኮምፒውተር ጠግንልኝ ብሎ ጎተራ ያመጣብኝ ሰው አላጋጠመኝም!»

አቧራውን ነፋ፣ ገለባውን በመቆንጠጫ ለቀመ፣ አበራው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። «አብሽሪ እህቴ» አለና ሜሞሪውን ነቀለው፤ የጣት ርዝመት ያላት ቀጭን ሰሌዳ ናት። ከመሳቢያው የተማሪ ላጲስ አውጥቶ የሰሌዳዋን ወርቃማ ጠርዝ ፈተገው። እርጥበት አደብዝዞት ኖሮ ቦግ አለ። መልሶ ሰካው። ጢጥታው ቀረና ስክሪኑ በራ። እዚያው ሱቁ ውስጥ እልል ብዬ ገበያተኛውን ሰበሰብኩት።

ዳዊቱን ፎቶ ላንሳው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው አባቴ «አንሽው» ብቻ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ገጽ በገጽ አነሳሁና ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። የመጀመሪያው ገጽ ቴሌቪዥኑን ሲሞላው ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡ። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ በቀስታ አሳለፉ።

«ውይ፣ ቀይ ቀለሙ!» አሉ። «ቀይ ቀለሙን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም አልቻልኩም። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው በዜማ ጀመሩ፤ ገጹ አለቀና ቀጣዩን ጫንኩ። ኮምፒውተሩ አጓራ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። አባቴ ግማሽ ቃል ይዘው ዜማውን አርዝመው አርዝመው ትንፋሽ አለቀባቸው።

«ይህ ዲያቆን አንቀላፍቷል!» አሉ።

መጀመሪያ ሳቅን። በየገጹ ሲሆን ግን ሳቁ አለቀ። ዳዊት በዜማው ነው፤ መሀል ላይ ሲቆም ጸሎቱ ይበጠሳል። በአራተኛው ቀን መቋሚያቸውን አነሱ።

«ተይው ልጀ። እኔም አርጅቻለሁ፣ እሱም አርጅቷል።»

አይሆንም! ሮጬ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ሜሞሪው አነስተኛ ነው፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ነው አለኝ። ከባሕር ዳር ሁለት ሜሞሪና አንድ ኤስኤስዲ የሚባል የማይሽከረከር ዲስክ አስመጣልኝ። ፕሮግራሙንም ሥዕሎቹንም አዲሱ ዲስክ ላይ ጭኖ፣ ሱቁን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ እንዴት እንደሚገጠም አሳይቶ ሸኘኝ። «ከመንካትሽ በፊት ከኤሌክትሪክ ንቀይው፤ ብረቱን ዳሰስ አድርጊ» አለኝ።

ሰኞ ከሰዓት ነበር። ዝናቡ ቤቱን አጨልሞታል፤ መብራትም የለም። እናቴ ገበያ ናት። ቤት ያለነው አባቴና እኔ ብቻ ነን።

«አባ፣ መብራት ይያዙልኝ» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

ስልኬን ተቀብለው አጠገቤ በርከክ አሉ። ብርሃኑን ግን አንዴ ጆሮዬ ላይ፣ አንዴ ጣሪያው ላይ ያደርጉታል። እጃቸውን ይዤ ወደ ሳጥኑ ውስጥ አዞርኩት። ከዚያች ክፉ ቃል ወዲህ እጃቸውን ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ዲስኩን አስሬ ሜሞሪውን በሁለት አውራ ጣቴ ተጫንኩ። እምቢ አለ። ፈራሁ፤ ብሰብረውስ?

«ጫን በይ፣ አልገባችም» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ድምፅዋን እየሰማሁ ነዋ!»

ጫን አልኩ። ቀጭ አለ። «አሁን ገባች» አሉ አባቴ። ሁለተኛውንም እንዲያው በጆሯቸው አስገባን።

በማግስቱ ማለዳ መብራት መጥቶ ነበር። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሳይጨርሱ ኮምፒውተሩ ተነሳ። ገጹን ስጫን፣ እጄ ሳይለቅ ቀጣዩ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። አባቴ ዜማውን ፈጠን አደረጉ፤ ደረሰባቸው። ይበልጥ ፈጠኑ፤ ቀደማቸው።

«ነቃ! እሰይ፣ ዲያቆኑ ነቃ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

ከሳቁ መሀል ማክሰኞ መሆኑ ትዝ አለኝ። ያቺ መስመር ሁለት ገጽ ቀርቷታል። ስንት ቀን ልክ ነኝ ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ አሁን ልክ መሆኔን ጠላሁት። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሳለ! ማውሱን ሁለቴ ብጫነው ገጹ ይዘለላል፤ ማን ያውቃል? ጣቴ ተነሳ። ግን እሳቸውን ማታለል ይሆንብኛል፤ ዓይናቸውን የሰጠኋቸው ለዚህ ነው እንዴ? አንዴ ብቻ ጫንኩ።

ያነባሉ፣ ያነባሉ። ደረሱባት። አነበቧት። ዜማው ቆመ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው እንደገና አነበቧት፣ በለሆሳስ። መቋሚያው አልተነሳም።

«አለች» አሉ።

ከእሷ ቀጥለው እስከ ድርሻው መጨረሻ ደረሱና ተሳልመው ተነሱ። ሳምንቱን ሙሉ በየማለዳው ከዲያቆኑ ጋር ሲሽቀዳደሙ ሰነበቱ። ስለ መስመሯ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩን ላበራ ጎንበስ ስል፣ «ተይው» አሉኝ። ብራናውን ራሳቸው ከማኅደሩ አውጥተው ይዘውታል።

«ምነው አባ፣ እያዩ አይደለም እንዴ?»

«አያለሁ። በደንብ አያለሁ» አሉና መጽሐፉን ሰጡኝ። «ዛሬ አንች አንብቢልኝ።»

የማክሰኞውን ድርሻ ገለጥኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ድሮው በከንፈራቸው ተከተሉኝ። መስመሯ ጋ ስደርስ ድምፄ ቀጠነ። አባቴ ጮክ ብለው፣ እኔን ቀድመው አሏት።