ለቡ ዳገት ላይ የነቀልነው ወይራ

ትናንት የማስተምርበትን ትምህርት ቤት የአትክልት መደብ ለመለካት ሲባጎ ስወጥር ክሩ ጣቴን ፈተገኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁም እንዲሁ ፈትጎኝ ነበር።

ያኔ ከለቡ በላይ ባለው ዳገት ላይ አሮጌ ጫካ ነበረ። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶና ብሳና ተደባልቀው የበቀሉበት፣ ከዝናብ በኋላ እርጥብ ቅጠልና አፈር የሚሸት፣ ጠዋት ጠዋት ወፍ የሚንጫጫበት ጫካ። ትልልቆቹን ዛፎች ሠራተኞች በሞተር መጋዝ ጣሏቸው። የቀረውን ቁጥቋጦ አጽድቶ ባህር ዛፍ መትከል ለእኛ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች፣ ተሰጠ። ሊቀመንበሯ እኔ ነበርኩ፤ ሲባጎውን የያዝኩትም እኔ። ችግኝ በመስመር ካልሆነ የተተከለ አይመስለኝም ነበር።

የጫካው ጥበቃ ሽማግሌ ነበሩ። ምንጩ አጠገብ በእሾህ ያጠሩት ቦታ ስንደርስ ከፊታችን ቆሙ።

«ይቺን ተዉልኝ» አሉ። «ወይራ ነው። ከብት እንዳይበላው ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

ችግኞቹ ከጉልበቴ አይበልጡም። ዛሬ ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው፣ የወይራን ፍሬ ወፍ ትበላለች፣ ዘሩን ጥላ ሥር ትጥላለች፣ ችግኙም በዝግታ ያድጋል። ያን ጊዜ ግን ለእኔ አረም ነበር።

«አባባ፣ መስመሩ በዚህ ነው የሚያልፈው» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ሰልፍ ይወጣል እንዴ?»

ከኋላዬ አንዱ ልጅ፣ «ጫካው የእርስዎ ነው እንዴ አባባ?» ብሎ አሳቀን።

«የኔማ ቢሆን ይሄኔ ሸጬው ነበር» አሉ። እሳቸው አልሳቁም።

አጥሩን አፈረስን። የወይራዎቹ ሥር እምቢ ስላለን ሁለት ሁለት ሆነን ጎተትናቸው። ከምሳ በፊት ጨርሰን ፎቶ ተነሣን። ሽማግሌው የነቀልናቸውን እየለቀሙ ሥራቸውን አፈር ሲያለብሱ አየኋቸው፤ ፀሐዩ ግን በርትቶ ነበር።

ባህር ዛፉ ፈጥኖ አደገ። ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ስለዚህ ጥበቃ አያስፈልገውም ተባለና ሽማግሌው ተሰናበቱ። የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም። ምንጩም ቆይቶ ደረቀ።

ባለፈው ወር ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። ከደረቅ ቅጠል ኮሽታ በቀር ድምፅ አልነበረም። ስለ ወፎቹ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ተነቀለው ወይራም ሁሉንም በየተራ አስረዳኋቸው። አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወይራውን ማን ነቀለው?»

«ሰዎች ናቸው» አልኳትና ሌላ ጥያቄ ያለው ካለ ጠየቅኩ።