የጋሽ ደገፉ የአሥራ አንድ ቀን ኩርፊያ

ጋሽ ደገፉ መጽሐፍ ሲያነቡ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሽፋኑን ያገላብጡታል። ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን፣ የታተመበትን ዓመት፣ መታሰቢያውን፣ ምስጋናውን፣ መቅድሙን አንድ በአንድ ሳያዳርሱ ምዕራፍ አንድን አይነኩም። ሶዶ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ፣ መቅድሙን ዘሎ የጀመረ ተማሪ ካገኙ መጽሐፉን ከእጁ ወስደው፣ ወደ ሽፋኑ መልሰው ይሰጡት ነበር። ልጁ ነገ ፈተና ቢኖርበትም ያው ነው።

ዘንድሮ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዷ፣ ፀደንያ፣ ስለ ወላይታ የጓሮ ተክሎች መጽሐፍ ጻፈች። ሥዕሎቹን የሳሉላት ጋሽ ደገፉ ናቸው። እንሰቱን፣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ፣ በርበሬውን፣ ሁሉንም በእርሳስ። አሥራ ሁለት ሥዕል ሁለት ክረምት ፈጀባቸው። የወረቀቱ ኅትመት እስኪደርስ ብላ በስልክ የሚነበበውን ቅጂ በቴሌግራም ላከችላቸው።

ጋሽ ደገፉ መነጽራቸውን ወልውለው ቅጂውን ከፈቱት። ስልኩ ደጅ ሳያንኳኳ እንደሚገባ እንግዳ ዘው ብሎ ምዕራፍ አንድ ላይ አረፈ። ሽፋን የለ፣ መቅድም የለ፣ ምስጋና የለ።

«ይቺ ልጅ ራስ የሌለው መጽሐፍ ጻፈች» አሉ ለባለቤታቸው ለእትዬ ሰብለ።

እንደዚያም ሆኖ ስማቸውን ፍለጋ ገፉበት። ያ ከጣሪያ በላይ የሚሄደው እንሰታቸው የሽንኩርት ችግኝ አክሎ ብቅ አለ። ከሥሩ «ሥዕል 1» ይላል እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አይናገርም። መጨረሻ ደረሱ፤ ስማቸው የለም። ዓይኔ አልፎት ይሆናል ብለው ደግመው አነበቡት፤ አሁንም የለም። በጣም ከፋቸው። ሁለት ክረምት መስኮት ሥር ጎብጠው የሳሉትን ልጅቷ የራሷ ያስመሰለችው መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ለትልቅ ሰው ያሳፍራል። ፀደንያ ስትደውል ወገባቸውን ያማቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መጽሐፉ ሲመረቅ ስለ ሥዕሎቹ እንዲናገሩ ስትለምናቸው ሕመሙ ይብሳል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ግን ወገቡ ደህና ሆኖ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እየዞሩ ላገኙት ሁሉ «ፀደንያ ውለታ አታውቅም» አሉ። «ምን አድርጋ?» ሲባሉ «ተዉት» ይላሉ። ለስሙ ብሎ አኮረፈ መባልን መቼም አይፈልጉም።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዐርብ፣ ፀደንያ ሙዝ ይዛ ከምትኖርበት ከቦዲቲ ልትጠይቃቸው መጣች። ጋሽ ደገፉ ጋቢ ተከናንበው ጋደም ብለዋል።

«ጋሼ፣ ወገብዎ እንዴት ሆነ?»

«ይመስገን» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

እትዬ ሰብለ መታገሥ አቃታቸው። «ወገቡ ምንም አልሆነም፣ ልጄ። መጽሐፍሽ ላይ ስሜን አጣሁት ብሎ ነው።»

«ስምዎን? ከፊት አለ እኮ፣ ጋሼ!»

«ከፊት ያለው ምዕራፍ አንድ ነው!» ጋቢውን ወርውረው ተነሡ። ወገባቸው ትዝም አላላቸውም።

ፀደንያ ስልካቸውን ተቀብላ መጽሐፉን ከምዕራፍ አንድ ወደ ኋላ ሳበችው። «ስልኩ በራሱ ዘሎ ነው የሚከፍተው። ወደ ኋላ መመለስ ነው።» መቅድሙ መጣ፤ ምስጋናው መጣ፤ «ሥዕል፦ ደገፉ ዳና» የሚለው መጣ። እንሰቱንም ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ብታደርገው ስልኩን ሞላው። ከሽፋኑ ቀጥሎ መታሰቢያው ነበር። እትዬ ሰብለ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ማንበብ ላስተማሩኝ ለጋሽ ደገፉ። ሌላው ቢዘለው እሳቸው ይህን ገጽ እንደማይዘሉት አውቃለሁ።»

ጋሽ ደገፉ አፈሩ። አንድ ሙዝ ልጠው ሳይበሉት ይዘውት ቆዩ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ ደገፉ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሥዕል አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«ፀደንያን እንዳማኋት የሰማችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አሉ።

መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ረድፍ ሙሉ። እትዬ ሰብለም አወጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ምንም አላደረገችም። ይቅር በሉኝ» አሉና እሷንም ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞሩ። ፀደንያም እጇን አውጥታለች። ሐሜቱ ቦዲቲ የደረሰው ሰኞውኑ ነበር፤ ዐርብ ሙዝ ይዛ የመጣችው ሰምታ ነው።