መጨረሻው ላይ የሚቆመው ገበጣ

ባለፈው እሁድ ከቤታችን በታች ባለው የጸሎት አዳራሽ መዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ሲሞክሩ አንድ ቀጭን ሲጥታ ወጣና ሰፈሩን በሙሉ ጆሮ አስያዘ። ጎረቤቶቼ ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ግን ልብስ እያጠብኩ ነበርና፣ እጄ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ቆም ብዬ ድምፁ ቶሎ እንዳያልቅ ተመኘሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ሻንቶ ከተማ ስለሚኖሩ ሶዶ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። የአባቴ እህት ናት፤ የሒሳብ መምህርት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር ቃል የምትቆጥብ። ባል አላገባችም። ለምን እንዳላገባች በቤተሰባችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ አክስቴ አንድ ሥራ ሰጠችኝ። በካርቶን የታጨቁ የድሮ የመዝሙር ካሴቶች ነበሯት። «ጨርሰው ሳይበላሹ ስልክሽ ውስጥ አስገቢልኝ» አለችኝ። ቴፑን ከስልኬ ጋር በገመድ አገናኝቼ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየተቀመጥኩ መገልበጥ ጀመርኩ። ውጭ የዳሞት ተራራ ጉም ወርዶ አጥሩን ይውጠዋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ቴፑ ሲሞቅ የአቧራና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ያወጣል። አንዳንዱ መዝሙር የተቀዳው በክረምት ስለነበር ካሴቱ ውስጥ የሚዘንበውንና የእኛ ጣራ ላይ የሚዘንበውን መለየት ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ከተትኩ። መጀመሪያ ረጅም ፉጨት መጣ። ቀጥሎ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ፌንጣ ቆርቆሮ ውስጥ ታፍኖ የሚንጫጫ የሚመስል ጩኸት። ላወጣው እጄን ስሰድ አክስቴ ጎዳሬ ከምትልጥበት ጓዳ ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«ተይው» አለች።

«ተበላሽቷል እኮ አክስቴ።»

«አልተበላሸም። ጨዋታ ነው። ገበጣ።»

የምትቀልድ መሰለኝ፤ አክስቴ ግን ቀልድ አታውቅም። ቢላዋዋን አስቀምጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። በወጣትነቷ አዲስ አበባ መምህርነት ስትማር አንድ የውጭ አገር ሰው ሒሳብ ያስተምራቸው ነበር። ከአገሩ የቤት ኮምፒውተር ይዞ መጥቷል። ያኔ የቤት ኮምፒውተር ማለት አንድ ወፍራም የፊደል ሰሌዳ ብቻ ነው፤ መላው ማሽን እዚያው ከቁልፎቹ ሥር ነው ያለው፤ ስክሪኑ ደግሞ ተራ ቴሌቪዥን። ፕሮግራም የሚቀመጠው ካሴት ላይ፣ በድምፅ ነው። ማሽኑ ያንን ጩኸት ሰምቶ ያነበዋል። መምህሩ ለአክስቴና አብራት ለምታድር አንዲት የቦዲቲ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን ይለቅላቸው ነበር። ሁለቱ ሆነው ገበጣ ሠሩ።

«ጠጠሩን የሚያድለውን እኔ ጻፍኩ። ቆጠራውን እሷ ጻፈች» አለች። «ከዚያ ሰውዬው ማሽኑን ይዞ አገሩ ገባ። እኔ ጋ የቀረው ድምፁ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። አክስቴ፣ የስልኳን ድምፅ እንኳ በእኔ የምታስቀንስ አክስቴ፣ እኔ ሳልወለድ ፕሮግራም ጽፋለች! ዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት መምህር ነበረን፤ የደሴ ልጅ። ክፍል ውስጥ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም የማትበልጥ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ አሳይቶን ነበር፤ በስልክ ቻርጀር የምትሠራ ሙሉ ኮምፒውተር። በዚያች ላይ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ከተጫነ፣ የድሮ ማሽኖችን መስላ ትሠራለች፤ የእነሱን ስህተት እንኳ ሳይቀር ትደግማለች ብሎን ነበር። ደወልኩለት። ሰሌዳዋን ለክረምቱ አዋሰኝ። «ካቃጠልሻት አንቺን ነው የማቃጥለው» አለ እየሳቀ።

የአክስቴ ቴሌቪዥን ያ ጀርባው የሚያብጠው ዓይነት ነበር፤ ዳንቴሉን አነሳሁለትና ሰሌዳዋን በቢጫ ገመድ ሰካሁ፤ የፊደል ቁልፎችም አገናኘሁላት። ኢሙሌተሩ ሲነሳ ስክሪኑ አመድማ ሆነ፤ ከታች አንዲት ጥቁር ካሬ ብልጭ ድርግም ትላለች። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ መጣች። ስክሪኑን በጣቷ ነካችው፤ አቧራ እንደምትጠርግ አስመስላ።

ካሴቱ ግን እሺ አላለም። ድምፁን ቀድቼ ስሰጣት ሰሌዳዋ ትሰማና ስህተት ብላ ትመልሳለች። ካሴቱን የሚያነበውን የቴፑን ራስ በቁስል አልኮል ጠረግኩ፤ ቤቱ ክሊኒክ ክሊኒክ ሸተተ። አሁንም ስህተት። በመጨረሻ ራሱን ያሰረችውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ እያዞርኩ ማዳመጥ ጀመርን። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። «ገና ነው። ድምፁ ታፍኗል። ትንሽ ይሳል» ትለኛለች። አዞራለሁ። «እንዲያ። እሱ ነው። እንዳትነኪው።»

የስክሪኑ ዳርና ዳር ባለቀለም መስመሮች ይሮጡ ጀመር። መስመሮቹ ቆሙና በላቲን ፊደል አንድ የወላይትኛ ቃል ወጣ፤ «ሳሮ»። የሰላምታ ቃላችን። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ነው በላቲን የጻፉት። ከሥሩ ሁለት ስሞች ነበሩ፦ የአክስቴና የማላውቀው አንድ የሴት ስም።

ተጫወትን። ጠጠሮቹ ተራ ነጥቦች ናቸው፤ ጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ ቲክ ቲክ ይላሉ። አክስቴ እያንዳንዱን ተራ ረጅም ጊዜ ታስባለች። እያሸነፈችኝ ሳለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ድርቅ አለ። ብነካው፣ ብነካካው አይሰማም።

«ሁልጊዜም እዚህ ላይ ነው የሚቆመው» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ጨርሰነው አናውቅም።»

«ላስተካክለው?» ብዬ የፕሮግራሙን መስመሮች ማውጣት ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«የእሷን ክፍል አትንኪ።»

«አሁን የት ናት?»

«ቦዲቲ።»

ሳቅኩ። ቦዲቲ እኮ በሚኒባስ ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል! አክስቴ አልሳቀችም። ጎዳሬውን በሚያቃጥለው ዳጣ አቀረበችና፣ እየበላን፣ ቤተሰባችን ውስጥ የማይጠየቀውን ነገር ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ለዚችው ጓደኛዋ ወንድም ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል አክስቴ ማስተማሩን ትታ ከብት ከምትጠብቅለት ባል ጋር እንደማትኖር ተናግራ አፈረሰችው። ጓደኛዋ መጥታ፣ «ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድሽው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። በገበያ ቢተያዩ አንዷ መንገድ ትቀይራለች።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ብቻዋን ስትጫወት አያት ነበር፤ የሁለቱንም ወገን ጠጠር ራሷ እያደለች። ማሽኑ ይቆማል። አጥፍታ ትጀምራለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

«ያንን ነገር በቦርሳ አድርጊው።»

«የት ልንሄድ?»

«ያበላሸችውን ታስተካክላ!»

በሚኒባሱ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አቅፌ ሄድኩ። አክስቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታያለች። ቦዲቲ ስንደርስ ባጃጅ አልያዝንም፤ ቀይ ጭቃውን እየረገጥን በእግር ሄድን። አንድም ሰው ሳትጠይቅ ሄዳ አንድ ሰማያዊ በር ፊት ቆመች። ቤቱን ታውቀው ነበር ማለት ነው። ስታንኳኳ በሩ ፊታችን ላይ ቢዘጋስ ብዬ ፈራሁ።

የከፈተችልን አጭር፣ ወፍራም፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ተያዩ። «ግቡ» የለ፣ ሰላምታ የለ።

«ያ ጨዋታ» አለች አክስቴ፣ «አሁንም መጨረሻው ላይ ይቆማል።»

የሴትዮዋ ፊት ቀላ።

«በእኔ ስህተት ነው የሚቆመው? ያኔም ነግሬሻለሁ! አንቺ ጠጠር ስታድዪ አንዷን ትጥያለሽ። የእኔ ቆጠራ ምን ያድርግ? አልሞላ ሲለው ይጠብቃላ!»

«እኔ ጠጠር አልጥልም!»

«ትጥያለሽ!»

ደጃፉ ላይ ቆመው፣ በወላይትኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ ተጨቃጨቁ። ጎረቤት ብቅ ብሎ አየን። እኔ መሐል ገብቼ፣ «እትዬ፣ ቴሌቪዥን አለዎት?» አልኳት። ያኔ ነው እኔን ያየችኝ። «ማን ናት ይቺ?» አለች። «የወንድሜ ልጅ ናት» አለቻት አክስቴ፤ «እሷም እንዳንቺ ነገር ካልጨረሰች አይሆንላትም።» ሴትዮዋ ከበሩ ፈቀቅ አለችልን።

ሁለቱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ሰሌዳዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ የፕሮግራሙን መስመሮች አወጣሁላቸው። ጓደኛዋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና አንዱ መስመር ላይ ቆመች። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ሲታደል የመጨረሻው ጉድጓድ ይዘለል ነበር፤ አንዲት ጠጠር የትም ሳትገባ ትቀራለች።

«ጥያለሁ» አለች አክስቴ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ብትጥያት ምን አለበት» አለች ጓደኛዋ። «ወንድሜ የልጅ ልጅ አቅፏል። እኔ ነኝ ቂሙን ይዤ የቀረሁት።»

መስመሩን አክስቴ በአንድ ጣቷ እየለቀመች አስተካከለችው። ጨዋታውን ጀመሩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። አላስቀመጥኩትም ነበር፤ የተስተካከለው ሁሉ ጠፋ። እነሱ ግን በጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ተያይተው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ቅዳሜ ነይ» አለቻት ጓደኛዋ። «እንደገና እናስተካክለዋለን።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስመሩን እንደገና ጻፉት፤ መብራትም አልሄደም። ገበጣው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደ። ጓደኛዋ አሸነፈች። ስክሪኑ ላይ በወጣትነታቸው የጻፉት፣ ሁለቱም የረሱት አንድ የወላይትኛ ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ ተሸናፊዋ ሄዳ ውኃ ትቅዳ ይላል። አክስቴ እየተነጫነጨች ተነስታ ጆጉን ይዛ ወጣች። ቀድታ ከተመለሰች በኋላ፣ ልናጠፋ ስንል፣ እኔ የተስተካከለውን ለማስቀመጥ ቁልፉ ላይ እጄን ሰደድኩ። አክስቴ ጣቶቼን በቀስታ ያዘቻቸው።

«ተይው» አለች። «ለቅዳሜ ይቆየን።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ሰሌዳዋን ክረምቱ ሲያልቅ ለመምህሩ መለስኩ፤ ሥራ ስይዝ የራሳችንን ገዛሁ። ሁለቱ አንዴ ቦዲቲ፣ አንዴ ሶዶ እየተገናኙ ያንኑ ስህተት ሲያስተካክሉ ዓመታት አለፉ።

አክስቴ ያረፈችው ካቻምና ነው። ለቅሶው ላይ ጓደኛዋ ከእኛ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠች፤ ለምን ያላት የለም። ከወራት በኋላ ስልኬ ጠራ። «አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ አትመጪም?» አለችኝ።

አሁን ሲመቸኝ እሄዳለሁ። መስመሩን እሷ ትጽፋለች፤ ጣቶቿ ያብጣሉና ይቆይባታል። እኔ በአክስቴ ወገን እቀመጣለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ተራዬ እንደደረሰ ቶሎ ተጫወትኩ።

«ቆይ እንጂ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። «አክስትሽ እዚህ ላይ ታስብ ነበር።»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። አክስቴ አስባ እስክትጨርስ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን።